ስለ ምስል ጨዋታና ስለ ልብ ጥበቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ የካ ሚካኤልና እስከ ኮተቤ ድረስ ልጆች እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ቤቶች የእግር ኳስ ጨዋታ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሰውን ተኵሶ የሚጥልበት ጨዋታም አለ፤ ይኸው በእጅ ስልክም ይገኛል። ስለዚህ ወላጆች «ይህ ነገር ልጃችንን ጨካኝ ያደርገው ይኾን?» ብለው ቢጠይቁን፥ በመልሳችን በሐሰት እንዳንመሰክር እንጠንቀቅ።

የዘመኑ ተመራማሪዎች በዚህ ነገር አንድ ቃል አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ1000 በላይ የኾኑ የብሪታንያ ወጣቶችን መርምረው፥ በጨዋታውና በጠበኛነት መካከል ግንኙነት አላገኘንም አሉ። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ደግሞ በ2020 ዓ.ም. ጨዋታው ከመጮኽና ከመገፋፋት ጋር ጥቂት ግንኙነት እንዳለው፥ ወደ ከባድ ወንጀል ያደርሳል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገለጠ። እንግዲህ «የተጫወተ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይኾናል» ብሎ ማስተማር አይገባም።

ታዲያ ነገሩ ከቶ አያሳስብምን? ያሳስባል እንጂ። የዓለም ዳኛ የሚመረምረው እጅን ነው፤ ጌታችን ግን በተራራው ስብከት ፍርዱን ከእጅ ወደ ቍጣ አደረሰው። ቃየን ወንድሙን የገደለው የምስል ጨዋታ አይቶ አይደለም፤ እጁ ሳይነሣ ልቡ አስቀድሞ ገድሎ ነበርና። ልብም በዐይን በኩል ይመገባል። በገና ዕለት ጐልማሶች በዱላና በሩር ሲጫወቱ እግር ይመታል፤ ነገር ግን የተመታው ጎረቤት ነው፥ ያነሡታል፥ ይስቁለታል፤ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቈጣም። በምስሉ ጨዋታ ግን የወደቀው ሰው እናት የለችውም፥ የሚያለቅስለትም የለም፤ ሞቱ ነጥብ ኾኖ ይቈጠራል። ሕፃን ሰዓቱን ሁሉ በዚህ ቢያሳልፍ፥ እጁ ባይገድልም ርኅራኄን የሚማርበት ጊዜ ያጣል።

አንዳንድ አባት ግን ልጁን ከዚያ ቤት በዱላ እየመታ ያወጣዋል። «አትማታ» ለማለት የሚማታ አባት ምን አስተማረ? የምስሉ ዱላ አያምም፤ የአባት ዱላ ያምማል፥ ዘወትርም ይታወሳል። ቅዱስ ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አዝዟል። እኛ በቤታችን እየተሳደብንና እየተማታን ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ ብናላክክ፥ ራሳችንን እናታልላለን።

ስለዚህ ወላጆች ከልጆቻችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ የሚጫወቱትን እዩ፤ ለዕድሜያቸው የማይገባውን ከልክሉ፥ ለተፈቀደውም ሰዓት ወስኑለት። ጨዋታው ትምህርቱንና እንቅልፉን የነጠቀው ልጅ ቢኖር ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም ይቅረብ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. ይህን ከሕመም ቈጥሮታልና። ካህናትም የሰንበት ትምህርት ቤቱን በር ክፈቱ፤ ከአንድ ስፍራ የሚከለከል ልጅ የሚሄድበት ሌላ ስፍራ ይሻልና።

ልባችንን ከቍጣ፥ ልጆቻችንን ከጭካኔ ይጠብቅልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።