ማን ፈቀደልህ?

«ማን ፈቀደልህ?» አለኝ። ውኃው እስከ ወገቡ ነበር። ከግራ ክንዱ የሚወርደው ደም ከባሕሩ ጋር ሲቀላቀል እያየሁ ዝም አልኩ። ሽማግሌ አይባልም፤ ስድሳ ዓመት ግን ሳይሞላው አይቀርም። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ይኸው ዓመት አለፈ፤ አሁንም ሳወጣ ሳወርድ እገኛለሁ። አንባቢም አብሮኝ ያውጣ ያውርድ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ የሆነው በደቡብ ስፔን፣ ታሪፋ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቫልዴቫኬሮስ በሚሉት የአሸዋ ዳርቻ ነው። ታሪፋ የአውሮፓ ምድር ወደ ደቡብ የሚያበቃባት ጫፍ ናት። ባሕሩ እጅግ በጠበበበት ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ማዶ የሞሮኮ ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በሁለቱ አህጉሮች መካከል ተጣቦ የሚያልፈው ነፋስ ሁለት ስም አለው፤ ከምሥራቅ ሲመጣ ሌቫንቴ፣ ከምዕራብ ሲመጣ ፖኒየንቴ ይሉታል። ሌቫንቴ ለቀናት ሳያቋርጥ ሲነፍስ ሰው ያሳብዳል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ለእነርሱ እብደት የሆነው ግን ለሌላው ሲሳይ ሆኗል፤ ከመላው አውሮፓ ሕዝብ የሚጎርፈው ይህንኑ ነፋስ ፍለጋ ነውና።

እኔን እዚያ የወሰደኝ ፍራንክፈርት ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ። ካልወደድከው ሁለተኛ አላነሣብህም» ብሎ ወተወተኝ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ዋናን በሆቴል ገንዳ የለመደ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ካይትሰርፊንግ ልማር ብሎ ሲነሣ ምን ይባላል? እናቱ የሰማች ዕለት ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። ሰውየው እግሮቹን ሰሌዳ ላይ አድርጎ ይቆማል። በወገቡ ቀበቶና በእጁ በያዘው ዘንግ አማካይነት፣ ሃያ ሜትርና ከዚያም በላይ በሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች፣ ሰማይ ላይ ከሚንሳፈፍ፣ ጠርዙ በአየር ከተነፋ ግዙፍ ጨርቅ ጋር ተያይዟል። ልጆች ሳለን ከፌስታልና ከስንጥር ሠርተን በክር የምናበረው ዓይነት ነው። ልዩነቱ ያንን እኛ እንጎትተው ነበር፤ ይኼ ግን እኛን ይጎትተናል።

እስቲ አንድ ስሌት እናስላ። ገመዱ 24 ሜትር ቢሆን ጨርቁ ከሰውየው ፊት በግማሽ ክብ የሚጠርገው ስፋት ወደ 900 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ ቢሆን ሁለት ቪላ ከነግቢው ይሠራበታል። ፎጣ አንጥፎ ለተጋደመ ሰው ሁለት ካሬ ይበቃዋል። ስለዚህ ከዳር ቆሞ ለሚያይ ባዶ የሚመስለው ባሕር፣ ውስጡ ላለ ሰው መርካቶ ሊሆን ይችላል። መርካቶ ውስጥ ግን ቢያንስ የተገፋ ሰው የገፋውን ያየዋል፤ እዚህ የሚገፋህ ሃያ አራት ሜትር ርቆ ነው።

እንዲህ የተጨናነቀው በቅርብ ጊዜ ነው። በአየር የሚነፋውን ጨርቅ ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1984 የፈጠራ መብት ቢያስመዘግቡበትም፣ ለገበያ በሰፊው የቀረበው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የያኔው ዕቃ ኃይለኛ ነበር፤ አንዴ ከያዘ በቀላሉ የማይለቅ። ሰው ሞቶበታል። ከ2005 ወዲህ ግን ዘንጉን ሲለቁት ኃይሉን ከሞላ ጎደል የሚያጣ ጨርቅ መጣ፤ አደጋ ሲደርስ ከገመዱ የሚያላቅቀው መልቀቂያም ተሻሻለ። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ማርሴይ ባሕር ላይ፣ የሜዳሊያ ውድድር ለመሆን በቃ። ልብ በሉ፣ ዕቃው ደህና ሲሆን የሚፈራው ሰው አነሰ፤ የሚፈራው ሲያንስ የሚገባው በዛ፤ የሚገባው ሲበዛ አደጋው ከነፋሱ ወጥቶ ወደ ሰዎቹ ገባ። ቀድሞ ሰውን የሚጎዳው የራሱ ዕቃ ነበር። ዛሬ የጎረቤቱም ነው።

ወደዚያች ቀን ልመለስ። የከፈልኩት ለሦስት ቀን ትምህርት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሌቫንቴ ስለነፈሰ ከአሸዋው አልወጣንም። ሌቫንቴ እዚያ ዳርቻ ላይ ከየብስ ወደ ባሕር ያዘነብላል፤ ለማጅን ይዞ የሚሄደው ወደ ጥልቁ ነው። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ዞሮ ፖኒየንቴ ሆነ። በየትምህርት ቤቱ ተመዝግቦ ሁለት ቀን ተቀምጦ የከረመ ለማጅ ሁሉ፣ ነባሮቹ ላይ ተጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውኃው ውስጥ ገባ። ሰማይ ላይ ያሉትን ጨርቆች ልቆጥር ሞክሬ ሰማንያ ስደርስ ተውኩት። አስተማሪዬ ወጣት ነው፤ ከእኔ ሌላ ሦስት ተማሪ ይዟል።

«ዝግጁ ነህ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ያቺ «አዎ» ናት የምታስጨንቀኝ። ዝግጁነት ምን እንደሆነ ገና የማያውቅ ሰው፣ ዝግጁ ነህ ወይ ሲባል የሚሰጠው መልስ ምን ዋጋ አለው? እንዋጋ ካልን ግን ዋጋ ነበራት፤ በእርሷ ተማምኖ ልጁ ወደ ሌላው ተማሪ ሄደ።

ጨርቁን አነሣሁ፤ ጎተተኝ፤ ፈራሁ። የፈራ ሰው የያዘውን ነገር ያጠብቃል፤ ይህ ከማሕፀን ይዘነው የመጣነው ነው። እዚህ ግን ዘንጉን ወደ ደረት በሳቡት መጠን ጨርቁ ኃይል ይጨምራል። መዳኛው መልቀቅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ «ልቀቅ! ልቀቅ!» ሲለኝ ነው የከረመው። ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ አልሰማም። ጨርቁ እንደ ጭልፊት ተወርውሮ ወረደ፤ ገመዴ ከሰውየው ገመድ ጋር ተጠላለፈ፤ አንዱ ክንዱ ላይ ዞሮ ሥጋውን ተለተለው። ቀዩን መልቀቂያ የገፋሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«ማን ፈቀደልህ?» ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያ የሰማሁት ሌላ ጥያቄ ነበር። ሐበሻ አውሮፓ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲኖር ይህቺን ጥያቄ በብዙ መልክ ይሰማታል፤ በቢሮ መስኮት፣ በባቡር፣ በደረጃ ላይ በጎረቤት ዓይን። ቦታውም ታሪፋ ነው። ከዚያው ቅርብ በሆነው በሎስ ላንሴስ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 ከሞሮኮ የተነሣች የስደተኞች ጀልባ ሰጥማ ባሕሩ አስከሬን ተፍቷል፤ በከተማዋ መካነ መቃብር ስማቸው ያልታወቀ ስደተኞች ተቀብረዋል። ይህን ሁሉ አስቤ ተቆጣሁ። ቁጣዬ ጥሩ መደበቂያ ሆነልኝ። ሰውየው ግን የጠየቀኝ ስለ ቆዳዬ አልነበረም፤ ስለ ክንዱ ነበር። በሌላ ቀን የደረሰብንን በደል ለዛሬው ጥፋታችን ጋሻ ማድረግ እንዴት ይቀላል!

ማታ እራት ላይ የእህቴ ልጅ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

«ጋሼ፣ ሰውየውም እኮ የለማጅ ሄልሜት ማድረግህን አይቷል። ለምን ይጠጋሃል?»

«ወዴት ይሂድ? የት ቦታ አለና?»

«እሱስ እውነትህን ነው። ቢሆንም ባሕር የማንም አይደለም። የገባ ሁሉ በራሱ ኃላፊነት ነው የገባው።»

በራሱ ኃላፊነት። ትምህርት ቤቱም ያስፈረመኝ ወረቀት ላይ ይኸው ቃል ነበር። በራሴ አጥንት ላይ መፈረም እችላለሁ። በሰውየው ክንድ ላይ ግን ማን አስፈረመኝ?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ፤ ደግሞም ጥሩ ሕግ ነው። ፊት ለፊት ሲገናኙ ቀኝ እጁን አስቀድሞ የሚጓዘው ቅድሚያ አለው። ሲተላለፉ ከነፋሱ በላይ በኩል ያለው ጨርቁን ከፍ፣ በታች በኩል ያለው ዝቅ ያደርጋል። ከዳርቻው የሚነሣው ከሚመለሰው ይቀድማል። ዳሩ ግን ሕጉ ሁሉ የሚጠይቀው ጨርቅን ወደፈለጉት አቅጣጫ ማዞርን ነው፤ ለማጅ ደግሞ ገና ያልያዘው ነገር ይህንኑ ነው። ሕጉን በቃሌ አውቀው ነበር። ልታዘዘው ግን አልችልም ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ላይ «ለማጅ» ተብሎ የሚለጠፈው ጽሑፍ ለማን ነው? ለሾፌሩ አይደለም፤ እርሱ ራሱን ያውቃል። ለእኛ ነው። «እኔ ሕጉን ገና አልያዝኩም፤ ለጊዜው የእኔን ድርሻ ጭምር እናንተ ተሸከሙ» ማለት ነው። (ጡሩምባ ነፍተን ልቡን የምናጠፋው መሆናችን ሌላ ጉዳይ ነው።) ጨዋ ልማድ ነው፤ እያንዳንዳችን አንድ ጊዜ ተሸክመውን ነበርና። የሚሠራው ግን በአሥር መኪና መካከል አንድ ለማጅ ሲሆን ነው። መንገዱ ሁሉ ለማጅ ቢሆን ማን ማንን ይሸከማል?

«እንግዲያው ለማጅ ይከልከል» የሚል አይጠፋም። በዳርቻው እንዲህ የሚሉ ነባሮች ሰምቻለሁ። አልስማማም። ሰው ከሚያይበት ቦታ የተባረረ ለማጅ ጨዋታውን አይተውም፤ ማንም ወደማያየው፣ ነፋሱ ወደ ጥልቁ ወደሚገፋበት ዳርቻ ይሄዳል። ደግሞስ ከልካዩ እርሱ ራሱ የት ተማረ?

ይህን በማግስቱ ሰማሁ። ሰውየውን ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ክንዱን ታሽጎ አሸዋው ላይ ተቀምጧል። መግባት አይችልም። በ1999 እዚሁ ዳርቻ እንደጀመረ ነገረኝ። አስተማሪ የለ፤ መልቀቂያ የረባ የለ። ትከሻውን ሁለት ጊዜ ሰብሯል። «ስንት ጊዜ እንደ አንተ ወድቄያለሁ፤ የምወድቅበት ግን ውኃ ብቻ ነበር» አለኝ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1976 በዚህ ነገር ላይ ተነጋግረዋል፤ አንድ ዓይነት ሥራ የሠሩ ሁለት ሰዎች በዕድል ብቻ አንዱ ጥፋተኛ፣ ሌላው ነፃ የሚሆኑበትን ጉዳይ። ዊልያምስ ያነሣው ሰው ያለ አንዳች ጥፋቱ ሕፃን የገጨ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሾፌሩ ጥፋት የለበትም፤ ቢሆንም ከዳር ቆሞ እንዳየ ሰው ብቻ አዝኖ ቢሄድ ይከፋናል። ያደረገው እርሱ ነውና። በእኔና በሰውየው መካከል ያለው ልዩነትም ጨዋነት አይደለም፤ የዓመት ነው። የእርሱ ስሕተት ባዶ ውኃ ላይ ወደቀ፤ የእኔ ክንዱ ላይ። ያው ስሕተት፣ ቦታው ሲሞላ በደል ሆነ።

እንዲህ ብዬ ዕድልን ከስሼ ልቀመጥ አሰብኩ። አልሆነልኝም። የዊልያምስ ሾፌር «አዎ» አላለም፤ እኔ ብያለሁ። ትምህርት ቤቱ ቀን ሸጦልኛል፤ ነፋስ ደግሞ በቀን ተከፋፍሎ አይሸጥም፤ ስለዚህ ሁላችንም በአንዲት ከሰዓት ላይ ተደራረብን። አስተማሪው አራት ሰው ይዞ ለአንዱም አልደረሰም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን «አዎ» ስል ምን እያየሁ ነበር? ሰማንያውን ጨርቅ። ይህ ሁሉ ሰው ከገባ ምን ይሆናል ብዬ ነው የገባሁት። ሊያስቀረኝ ይገባው የነበረው ነገር ነው ያደፋፈረኝ። የፈቀደልኝ ብዛቱ ነው። ከሰማንያዎቹም ስንቱ እኔን አይቶ ተደፋፍሮ እንደገባ ማን ያውቃል?

ይህን ሁሉ ለሰውየው አላልኩትም። ይቅርታ አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ ትገባለህ?» አለኝ። «አልገባም፤ ቦታው ጢም ብሏል» አልኩት። ምንም አልመለሰም።

በዚህ መካከል አንዲት ልጅ ጨርቋን ተሸክማ መጣችና በምልክት እርዳታ ጠየቀች። ውኃው ላይ ሁሉም ለብቻው ነው፤ ከየብስ ለመነሣት ግን ጨርቁን የሚይዝ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋል፤ ማንም ይሁን። ሰውየው የታሸገ ክንዱን እያሳየ «አንተ ያዝላት» አለኝ። ያዝኩ። ልጅቷ ገመዷን ወጥራ ከራቀች በኋላ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፤ ልቀቀው ማለቷ ነው። ከነፋሱ ታች በኩል ስመለከት አንዲት እናት ሕፃን እጅ ይዛ በውኃው ጠርዝ ታዘግማለች። ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። ልጅቷ አሁንም አውራ ጣቷን አሳየች፤ አሁንም ነቀነቅኩ። ሕፃኑ ዛጎል ሊለቅም ጎንበስ አለ። ጨርቁ እጄ ላይ እየተንዘፈዘፈ ቆየን።