ገና ያልታየውን ስለ መጠበቅ

ሰውን ከሌላው ፍጥረት ከሚለዩት ጠባዮች አንዱ ገና ላልደረሰ ነገር አስቀድሞ መደሰት መቻሉ ነው። እንስሳ የተራበ እንደ ሆነ መኖን ይጠብቃል፤ ከረኀቡ አልፎ ግን ከዓመት በኋላ በአንዲት ዕለት ስለሚሆነው ነገር ዛሬ ልቡ አይመታም፣ ቀኑን አይቈጥርም፣ ስለዚያች ዕለትም ከባልንጀራው ጋር ሲጨዋወት አያመሽም። ሰው ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል፤ የሚያደርገውም ስለ ልጅ መወለድ፣ ስለ በሽተኛ መዳን፣ ስለ ሀገር ነጻ መውጣት ብቻ ሳይሆን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታይቶ ስለሚያልፍ ጨዋታም ጭምር ነው። ስለዚህ ተስፋ ምን እንደ ሆነ መመርመር የሚወድ ሰው ከነቢያትና ከጻድቃን ዜና ቀጥሎ በዐደባባይ የሚሰበሰበውን የተመልካች ልብ ቢመረምር አይነቀፍም፤ ጥያቄውም ይህ ነው፤ ኃላፊ የሆነ ትርኢትን በናፍቆት የሚጠብቅ ሕዝብ የተስፋን ጸጋ በከንቱ ያባክናልን፣ ወይስ ሳያውቀው ተስፋን ይማራል?

ለዚህ ምርመራ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የሆነውን ነገር ምሳሌ አድርጌ እወስዳለሁ፤ ዓመታቱንም የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ናስካር የሚባለው የመኪና እሽቅድድም ማኅበር በ1948 የተመሠረተ ሲሆን፣ ስቶክ ካር የሚባሉት መኪናዎቹ በመጀመሪያው ዘመን ማንም ሰው ከገበያ ገዝቶ ወደ ሥራው የሚሄድባቸው ዐይነት ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ግን መልካቸው ብቻ የገበያውን መኪና ይምሰል እንጂ፣ ከ1,400 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመላቸው፣ ለእሽቅድድም ብቻ የተሠሩ ናቸው። አብዛኛውም ውድድር ከከተማ ራቅ ብሎ በተሠራ ሞላላ ሜዳ ላይ ይካሄዳል። የቺካጎ አካባቢ አፍቃሪዎች ከ2001 እስከ 2019 ድረስ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በጆሊየት ይህን እሽቅድድም በየዓመቱ ሲያዩ ከቈዩ በኋላ ውድድሩ ከዚያ ተነሣባቸው፤ ሲናፍቁም ሳሉ፣ በሐምሌ 2022 በጊዜው ከንቲባ የነበሩት ሎሪ ላይትፉትና ማኅበሩ በሚመጣው ዓመት ዋነኛው ውድድር በከተማይቱ እምብርት፣ በግራንት ፓርክ ዙሪያ ባሉት ጎዳናዎች ላይ እንደሚደረግ አስታወቁ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ዋነኛው ውድድሩ እንዲህ ባለ የከተማ ጎዳና ላይ ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ስለ ነበረ፣ የሚጠብቀው ሕዝብ ከዚህ በፊት ከታየ ነገር ጋር አስተያይቶ የሚፈርድበት መለኪያ አልነበረውም።

ከማስታወቂያው እስከ ውድድሩ ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ከዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ የጐደለው ነበር፤ በዚያም ጊዜ አፍቃሪው ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። መንገዱ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 12 መታጠፊያዎች ያሉት፣ በኮሎምበስ ድራይቭ ተነሥቶ በሐይቁ ዳር የሚያልፍ፣ በሚሺጋን አቬኑም የሚመለስ መሆኑ በካርታ ታየ፤ ከዚያም አስቀድሞ በ2021 ይኸው መንገድ በኮምፒዩተር ተሥሎ እውነተኞቹ ነጂዎች በምስል ብቻ ተሽቀዳድመውበት ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው ገና ያልተሠራውን ሜዳ መታጠፊያውን ሳይቀር በቃሉ አጥንቶት ነበር። ሰፊ ሜዳ የለመዱት ከባድ መኪናዎች ከግራና ከቀኝ በኮንክሪት ግንብ በታጠረ ጠባብ ጎዳና ላይ እንዴት ይተላለፋሉ? ለአውቶቡስና ለታክሲ የተሠራው፣ እዚህ የተጠገነ እዚያ የተሰነጠቀ አስፋልት ፍጥነታቸውን እንዴት ይችለዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በአፍቃሪዎቹ መካከል ሲብላሉ፣ ሰው በየቀኑ ሳያየው የሚያልፈው መንገድ በዐይኑ ፊት ሌላ መልክ ያዘ። የመጠበቅ የመጀመሪያው ፍሬም ይህ ነው፤ የምንጠብቀው ነገር ከመድረሱ በፊት የሚደርስበትን ስፍራ በማስተዋል እንድናይ ያደርገናል።

የቺካጎ ሕዝብ መኪና በጎዳና ላይ ሲሽቀዳደም ለማየት ሲጠብቅ ግን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1895 ታይምስ ሄራልድ የተባለው የከተማይቱ ጋዜጣ ያለ ፈረስ የሚሄዱ ሠረገላዎችን ለማወዳደር ዐዋጅ አውጥቶ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች ቢመዘገቡም፣ መኪናዎቹ ሊደርሱ ስላልቻሉ ቀኑ እየተላለፈ ሄዶ፣ በመጨረሻ በኅዳር 28 ቀን በረዶ በሸፈነው ጎዳና ላይ የተሰለፉት 6 ብቻ ሆኑ። ከጃክሰን ፓርክ ተነሥተው ወደ ኢቫንስተን ደርሰው እንዲመለሱ በታዘዙበት 87 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ፍራንክ ዱርያ ዐሥር ሰዓት ያህል ቈይቶ ቀዳሚ ሆኖ ገባ፤ ከእርሱ ሌላ መንገዱን የጨረሰው አንድ መኪና ብቻ ነበር። ፍጥነትን ሲጠብቅ የከረመ ተመልካች ያየው በብርድ ውስጥ የሚያዘግም ማሽን ስለ ሆነ ተስፋው መና ቀረ ሊባል ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ሕዝብ ሳያውቀው የቆመው ከተሞችን ሁሉ በሚለውጥ ዘመን መግቢያ ላይ ነበር። የጠበቀው ትንሽ ነገር፣ የተሰጠውም ከዚያ ያነሰ መስሎ የታየው፣ በእውነቱ ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ነበር።

እንዲህ ባለው ናፍቆት ላይ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሰነዘሩት ተግሣጽ ግን ቀላል አይደለም፤ ሳይሰሙት ማለፍም አይገባም። ዮሐንስ አፈ ወርቅ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ በነበረበት ጊዜ በ399 ባሰማው ስብከት፣ ከጥቂት ቀናት በፊት ጽኑ ዝናም ወርዶ አዝመራው እንዳይጠፋ በምህላ ሲጮኽ የሰነበተው ሕዝብ፣ መቅሠፍቱ ካለፈለት በኋላ ጌታ በተሰቀለበት በዓርብ ዕለት ወደ ሠረገላ እሽቅድድም መሮጡን በብርቱ ኀዘን ገሠጸ። ሊቁን ያሳዘነው፣ ከልብ በሆነ ጸሎት ወደ አምላኩ ያቀናው ያው የሕዝብ ትጋት ሳምንት ሳይሞላው ፊቱን አዙሮ ለትርኢት መዋሉ ነበር። ሰው ያለው የናፍቆት ኃይል አንድ ነውና፣ በአንዱ ላይ ያፈሰሰውን ለሌላው እንደገና ከወዴት ያመጣዋል? ይህን ጥያቄ የዘመናችን ተመልካችም ለራሱ ሊያቀርበው ይገባል።

ሌላው ተግሣጽ ደግሞ የሚመጣው ከጎረቤት ነው። ለአንዱ በዓል የሆነው ውድድር ለሌላው የተዘጋ መንገድ፣ የታጠረ መናፈሻና እንቅልፍ የሚነሣ ጩኸት ነበር፤ ብዙ የከተማይቱ ነዋሪዎችም ይህን ቅሬታ በግልጽ ተናግረዋል። ከዚህም የሚከብደው፣ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ለዝግጅቱ ሲሠራ የነበረ አንድ ሰው በኤሌክትሪክ አደጋ ሕይወቱን ማጣቱ ነው። ተመልካች በናፍቆት ሲጠብቅ፣ የሚጠብቀውን ነገር በእጃቸው የሚያቆሙለት፣ ግንቡን የሚደረድሩ፣ መቀመጫውን የሚያያይዙ፣ ሽቦውን የሚዘረጉ ሰዎች እንዳሉ አያስብም፤ ደስታችንም የስንቶችን ድካም፣ አልፎ አልፎም የሰው ሕይወት እንደሚያስከፍል ሳናስብ የምንደሰት እንደ ሆነ፣ ናፍቆታችን ዐይናችንን አሳውሮታል ማለት ነው።

የአደጋ ነገር ከተነሣ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ መሸሽ አይቻልም፤ ይኸውም የእሽቅድድም አፍቃሪ በእውነት የሚጠብቀው ምንድን ነው የሚል ነው። የሚጠብቀው የመኪናዎችን መጋጨትና የሰውን ጥፋት ከሆነ፣ በሮማ ዘመን ደም ለማየት ከተሰበሰበው ሕዝብ የሚለየው ምንም ነገር የለም። ስለ እውነት ለመናገር ግን ይህ ስፖርት ራሱ ከሞት ትምህርት ተቀብሏል፤ በየካቲት 2001 ስመ ጥሩው ነጂ ዴል ኧርንሃርት በዴይቶና በመጨረሻው ዙር ላይ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ከሞተ በኋላ ነጂዎች ሁሉ የራስና የአንገት መደገፊያ እንዲያደርጉ ታዘዘ፤ ሜዳዎቹም ምትን በሚያበርድ ግንብ ታጠሩ፤ ከዚያም ወዲህ በዋነኛው ውድድር ላይ የሞተ ነጂ የለም። የሚወደው ሰው በደኅና እንዲመለስ እየጸለየ ብልሃቱን ለማየት የሚናፍቅና አደጋን የሚመኝ ሁለቱ በአንድ መቀመጫ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በውስጥ ያለው ተስፋቸው ግን እንደ ብርሃንና እንደ ጨለማ የተራራቀ ነው። በናስካር ልማድ ሞተር ከመነሣቱ በፊት በሕዝቡ ፊት ጸሎት ይደረጋል፤ ይህ ሥርዓት እውነተኛ የሚሆነው ተመልካቹ በዚያች ሰዓት የሁሉንም ነጂ ሕይወት፣ የሚጠላውንም ሳይቀር፣ በልቡ አደራ የተቀበለ እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እመለሳለሁ። የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው 11ኛ መጽሐፍ የጊዜን ባሕርይ ሲመረምር፣ ያለፈው አሁን እንደሌለ፣ የሚመጣውም ገና እንዳልሆነ ተመልክቶ፣ ሁለቱም የሚኖሩት በነፍስ ውስጥ እንደ ሆነ፣ ያለፈው በማስታወስ፣ የአሁኑ በማስተዋል፣ የሚመጣውም በመጠበቅ እንደሚኖር ተረዳ። ይህ እውነት ከሆነ መጠበቅ በሁለት ድርጊቶች መካከል የተጣለ ባዶ ጊዜ ሳይሆን፣ ነፍስ የሚመጣውን ለመቀበል ራሷን የምታሰፋበት ሥራዋ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በዓልን ከመብላትና ከመጠጣት አላስጀመረችም፤ ለልደት ጾመ ነቢያትን፣ ለትንሣኤ ዐቢይ ጾምን፣ ለየበዓሉም ዋዜማን አስቀድማ ሠርታለች፤ ያልጠበቀ ሰው የሚቀበልበት ስፍራ በልቡ እንደማይኖረው ታውቃለችና።

በቺካጎ የሆነው ፍጻሜ የዚህን ነገር ሌላ ገጽ ያሳየናል። በሐምሌ 1 ቀን 2023፣ በቅዳሜው ዕለት፣ በደረጃ ሁለተኛ የሆነው ውድድር 25 ዙር ብቻ ከተሄደ በኋላ በመብረቅ ምክንያት ቆመ፤ በማግስቱ እሑድም ብርቱ ዝናም ወርዶ የተዘጋጀው የሙዚቃ ትርኢት ተሰረዘ፣ ዋነኛው ውድድርም ዘግይቶ በረጠበ ጎዳና ላይ ተጀመረ፤ 100 ዙር ሊሆን የታሰበውም ጨለማ እንዳይቀድመው ወደ 75 እንዲያጥር ተወስኖ በ78ኛው ዙር ተፈጸመ። ዓመት ሙሉ በካርታና በምስል የተጠናው ነገር ሁሉ በሰማይ ውሃ ታጠበ ማለት ይቻላል። ያሸነፈውም በአውስትራሊያ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ በዚህ ውድድር ግን ከዚያ በፊት ተሰልፎ የማያውቅ ሼን ቫን ጊስበርገን የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ነው፤ ውድድሩ ባጠረ ጊዜ ወደ 18ኛ ስፍራ ወርዶ የነበረው ይህ ሰው በዚያ ጠባብና አዳላጭ ጎዳና ላይ አንዱን ከሌላው በኋላ እያለፈ ቀዳሚ ሆኖ ገባ። በመጀመሪያው ተሳትፎው ያሸነፈ ነጂ ከ1963 ወዲህ አልታየም ነበር። በዝናም ርሶ የቆመው ሕዝብ የራሱን ተወዳጅ ነጂ ድል ሲጠብቅ ያልጠበቀውን አየ፤ ብዙውም ሰው እጅግ ተደነቀ።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ተስፋ ከስሌት የሚለየው ለሚመጣው ነገር ነጻነትን በመተዉ መሆኑን ነው። የሚሆነውን አስቀድሞ ወስኖ እንዲያው እንዲፈጸምለት የሚሻ ሰው የሚጠብቀው የራሱን ሐሳብ መልሶ ለማየት ነው፤ ስለዚህ ሌላ ነገር የመጣ እንደ ሆነ ያዝናል፣ ይቈጣልም። ተስፋ የሚያደርግ ግን የሚወደውን እየተመኘ የሚሰጠውን ለመቀበል ልቡን ክፍት አድርጎ ይቆያል። ከመጻሕፍት ሁሉ የዚህን ነገር ፍጹም አርአያ የምናገኘው በስምዖን አረጋዊ ዘንድ ነው፤ የእስራኤልን መጽናናት ሲጠባበቅ ያረጀው ይህ ጻድቅ ያገኘው ሠራዊት የሚመራ ንጉሥ ሳይሆን በእናቱ ክንድ የታቀፈ የ40 ቀን ሕፃን ነበር፤ የተስፋውንም ፍጻሜ ያወቀው ልቡ ለመቀበል የተዘጋጀ ስለ ነበረ ነው። የእሽቅድድምን ናፍቆት ከዚህ ቅዱስ ናፍቆት ጋር አስተካክዬ አልናገርም፤ በክብርም በፍጻሜም አይገናኙም። ነገር ግን ሁለቱም የሚበቅሉት በአንዲት ነፍስ ውስጥ ነው፤ በትንሹ ነገር ትዕግሥትን፣ ማስተዋልንና ያልታሰበውን በደስታ መቀበልን የለመደች ነፍስም ለትልቁ ነገር ሙሉ በሙሉ ባዕድ አትሆንም።

የቺካጎው ውል የሦስት ዓመት ነበር፤ በ2024 ዝናሙ ውድድሩን እንደገና አሳጠረው፣ በ2025 ቫን ጊስበርገን ደግሞ አሸነፈ፤ ለ2026 በወጣው መርሐ ግብር ግን ያ የጎዳና ውድድር አልተካተተም። ትርኢት ሁሉ ጠባዩ ይህ ነው፤ ያልፋል፤ በእርሱ ላይ ብቻ የተመሠረተ ናፍቆትም አብሮት ያልፋል። ስለዚህ የዮሐንስ አፈ ወርቅ ተግሣጽ አልተሻረም፤ ያለ ተቃውሞ እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን ሊቁ የገሠጸው መንገዱን የሳተውን ናፍቆት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ናፍቆት የሌለውማ ሕዝብ ቀድሞ በምህላ ባልጮኸ ነበር። በጨዋታ ቀን የሚጠብቅ ሰው ሁለት ነገር ራሱን ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው፣ ናፍቆቴ ጎረቤቴንና ለእኔ የሚደክመውን ሠራተኛ ያስረሳኛልን? ሁለተኛው፣ የምናፍቀው ነገር ካለፈ በኋላ ልቤ የሚጠብቀው ሌላ የማያልፍ ነገር አለውን? ለመጀመሪያው የለም፣ ለሁለተኛው አዎን ብሎ በንጹሕ ኅሊና ሊመልስ የሚችል ሰው በከተማ ጎዳና ዳር ቆሞ መኪና ቢጠብቅ ኀጢአት የለበትም፤ እንዲያውም ተስፋ ማድረግን እየተለማመደ ነው።