ላልተለመደ ድምፅ ጆሮ የመስጠት ግዴታ

በቦሌ ቡልቡላ የሚኖር ሰው ጆሮ ከማለዳ እስከ ምሽት ዕረፍት የለውም። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው አውሮፕላን ያጓራል፤ በሚገነቡት ሕንፃዎች ሥር የሲሚንቶ ማደባለቂያው ይሽከረከራል፤ የብረት መቁረጫው ያፏጫል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ይተካል። ሰውየው ይህን ሁሉ ችሎ ይውላል። ማታ ግን የጎረቤቱ ልጅ በብረት ምት፣ በሲንተሳይዘር ጉርምርምታና በሻከረ የጊታር ድምፅ የተሠራ፣ ስሙን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት አልበም ሲከፍት፣ «ይህ ደግሞ ሙዚቃ ነውን?» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ቀኑን ሙሉ በማሽን ድምፅ ውስጥ የኖረ ሰው ከዚያው ድምፅ የተቀመመውን ኪነት ሊሰማ አይወድም። ከዚህች ትንሽ ድርጊት አንድ የሞራል ጥያቄ ይነሣል። ሰው ላልለመደው የጥበብ ሥራ ጆሮውን የመስጠት ግዴታ አለበትን? ቢኖርበትስ እስከ ምን ድረስ ነው?

በመጀመሪያ ሲታይ ግዴታ ያለ አይመስልም። በሥራ የደከመ ሰው የሚያሳርፈውን ዜማ መምረጡ ተገቢ ነው፤ ደስታንም በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም። ይሁን እንጂ አለማዳመጥና ሳያዳምጡ መፍረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የግል ምርጫ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሌላ ሰው ድካም ላይ የሚሰጥ ብይን ነው። ብይን ደግሞ ማስረጃ ይጠይቃል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም ለዚህም ጉዳይ ይሠራል፤ ሰው የገዛ ጆሮው በልማድ መታሰሩን ራሱ አያውቅምና። በእንዲህ ያለው ሙዚቃ ላይ ዘወትር የሚሰነዘሩት ፍርዶች ሦስት ናቸው፤ ባዕድ ነው፣ ጩኸት ነው፣ አድማጭ የለውም የሚሉ።

ባዕድ ነው የሚለው ፍርድ ታሪክን ያልጠየቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በካይሮ በሴቶች የዛር ሥርዓት ላይ ተገኝቶ ድምፁን በሽቦ መቅረጫ ቀረጸ፤ ቀጥሎም በሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ የድምፁን ጠባይ እየለወጠ አዲስ ድርሰት አወጣ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡርን ድምፅ ለሙዚቃ ያዋለው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነበር። እንግዲህ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ የፈለቀው በኢትዮጵያም በሰፊው ከሚታወቀው ከዛር ሥርዓት ነው። ይኸው ሰው በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963ም የአገር ባህል መሣሪያዎችን በአንድነት ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። መቅረጫውና ማሲንቆው በአንድ ሰው ዘንድ ያለ ጠብ ኖረዋል። ከ2010ዎቹ ወዲህ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የአገር ቤት ድምፆችን ከኮምፒዩተር ምት ጋር ሲያዋህዱ፣ የሄዱበት መንገድ ቀድሞ የተጠረገ ነበር።

ጩኸት ነው የሚለው ፍርድ ደግሞ ከበገና ፊት ሊቆም አይችልም። የበገና ድምፅ የሚነዝረው በርኩማው ላይ፣ በጅማቱ ሥር በሚገቡት እንዚራ በተባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች አማካይነት ነው። ባለ በገናው ንዝረቱን የሚሻው ሆን ብሎ ነው፤ ያለ እርሱ ድምፁ ይጠራል፣ ነገር ግን ግርማው ይቀንሳል። በበገና ሲሆን የተከበረው ንዝረት በኤሌክትሪክ ጊታር ሲሆን የሚናቅበት ምክንያት ከልማድ በቀር ምን ሊሆን ይችላል? በበርሚንግሃም በቆርቆሮ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቶኒ አዮሚ በሥራው የመጨረሻ ቀን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ከፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠርቶ፣ ቀጫጭን ክር ወጥሮ መጫወቱን ቀጠለ፤ በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ብላክ ሳባት የተባለው ጓዱም ሄቪ ሜታል ለሚባለው ሙዚቃ መሠረት ጣለ። ይህን የሚያውቅ አድማጭ በዚያ ሻካራ ድምፅ ውስጥ የሠራተኛ ሕይወት መኖሩን ይረዳል።

ሦስተኛው ፍርድ ከሁሉ ይከብዳል። አድማጭ የሌለው ሥራ ምን ዋጋ አለው? ለዚህ የኃይሉ መርጊያ ሕይወት መልስ ይሰጣል። በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነቱ የታወቀው ኃይሉ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ እዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር አጣምሮ አንድ ካሴት ቀረጸ። የቆዩ ዜማዎች በማሽን ምት ላይ ተንሳፈፉ። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ለዓመታት ታክሲ ነጂ ሆኖ ኖረ፤ ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያን ካሴት በባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። በእነዚያ 28 ዓመታት ካሴቱ አንዲት ኖታ አልተጨመረበትም፤ የተለወጠው ጆሮ ነው። የአድማጭ ቁጥር ስለ አድማጩ ዘመን እንጂ ስለ ሥራው ዋጋ የሚመሰክረው ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ጥቂቶች የሚሰሙት ሁሉ ታላቅ ነው ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ያልታወቀ አልበም በማወቁ ብቻ ራሱን ከጎረቤቱ በላይ የሚያደርግ ወጣት ሙዚቃውን ሳይሆን የገዛ ብልጫውን ያዳምጣል። ብዙ ሰው በወደደው ዕለት ሥራውን የሚጥለው እንደዚህ ያለው አድማጭ ነው። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» በተባለው አልበሙ ከባዱን ሮክ በአማርኛ አሰምቶ ብዙ ወዳጅ ሲያገኝ፣ የጊታሩ ክብደት በመወደዱ አልቀለለም። መታወቅም አለመታወቅም ፍርድን አይተካም።

እንግዲህ ግዴታው ልኩ ይህ ነው። ማንም እንዲወድ አይገደድም፤ ሊፈርድ የሚሻ ግን አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ አለበት። ይህ ግዴታ ለሌሎች በሚመርጡት ላይ እጥፍ ይሆናል። የአንድ ተራ አድማጭ ጆሮ ቢዘጋ የሚቀርበት ለራሱ ነው፤ መድረክ የሚፈቅድ ኃላፊ፣ የተማሪን ድርሰት የሚያርም መምህር፣ የሬዲዮ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ባለሙያ ጆሮውን ሲዘጋ ግን የብዙዎች ጆሮ አብሮ ይዘጋል። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ዐምሃ እሸቴ ደፍሮ ሸክላ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ፣ ዛሬ የአገር ቅርስ ተብሎ ከሚመሰገነው ሙዚቃ ስንቱ ሳይቀረጽ ይቀር ነበር? ሳይሰማ የቀረ ድምፅ ራሱን ሊከላከል አይችልም፤ መበደሉም አይታወቅም።

የቦሌ ቡልቡላው ወጣትም የራሱ ዕዳ አለበት። ጎረቤትን በግድ ማስደመጥ ጥበብን ማስፋፋት አይደለምና በሌሊት ድምፁን ይቀንስ፤ ጎረቤቱንም በቀን ጠርቶ ቡና እያጠጣ ያሰማው። ሰውየው አልበሙን እስከ መጨረሻው ሰምቶ «አልወደድኩትም» ቢል ማንም አይወቅሰውም፤ ያን ጊዜ የተናገረው ልማዱ ሳይሆን እርሱ ራሱ ነውና።