ምን ሸጥክላቸው?

ከዓመታት በፊት፣ ገና ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ በአንድ የመምህራን ጉባኤ ላይ ከአንድ ግብፃዊ ጋር ተዋወቅሁ። እንደ እኔው የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው። ቀን ቀን ስለ ልቦለድ ስንከራከር እንውላለን፤ ማታ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ግን ወሬያችን ሌላ ይሆናል። ይህ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በተወለደበት መንደር ለሚገኙ ሴቶች የምርጫ ካርድ እንዴት እንደሚወጣ፣ በምርጫ ቀን ምን እንደሚደረግ ዓርብ ዓርብ ያስተምር ነበር። ለዚሁ ሥራ ከአንድ የአውሮፓ ኤምባሲ ትንሽ የገንዘብ ድጋፍ አገኙ። ‹‹የአጎቴ ልጅ ለሠርጉ ያወጣው ከዚያ ይበልጣል›› አለኝ እየሳቀ። የእርዳታው ወሬ መንደር ሲደርስ ግን እናቱ ለብቻው ጠርተው አንዲት ጥያቄ ጠየቁት።

‹‹ልጄ፣ ምን ሸጥክላቸው?››

‹‹ታዲያ ምን አልካቸው?›› ብዬ ጠየቅሁት። ሳቁን አቆመና፣ ‹‹ምንም አልሸጥኩም አልኳቸው። እሳቸውም ‘እንግዲህ ሞኞች ናቸዋ!’ ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ›› አለኝ።

የእኚያን ሴት ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ሰው ለመብቱ እንዲቆም፣ መሪውን እንዲጠይቅ፣ ድምፁን ቆጥሮ እንዲሰጥ የሚያስተምር ሥራ በባዕድ ገንዘብ ሲሠራ ነውር አለበት? ካለበትስ ነውሩ የሰጪው ነው፣ የተቀባዩ ነው ወይስ የከልካዩ?

በመጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንወቅ። በአረብ አገሮች ለማኅበራት የሚሰጠው የውጭ እርዳታ ሁሉ ሚሊዮን አይደለም። ኤምባሲዎች ለአካባቢ ማኅበራት የሚሰጡት ገንዘብ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በኮሊን ፓወል አማካይነት የመካከለኛው ምሥራቅ የአጋርነት ፕሮግራም ብላ ያስጀመረችው አለ። ከአረቡ ሕዝባዊ ዓመፅ በኋላ አውሮፓውያን በ2012 ያቋቋሙት የዴሞክራሲ ድጋፍ ተቋም አለ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከእነዚህ የሚገኘው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለአንድ የወጣቶች የክርክር ክበብ፣ ለአንድ የምርጫ ታዛቢ ቡድን፣ የከተማውን ምክር ቤት በጀት ለሚከታተሉ ጥቂት ሰዎች የሚሆን ነው። ለመንግሥት ካዝና ኢምንት ነው። ታዲያ መንግሥታቱን ለምን እንቅልፍ ይነሳቸዋል?

እስቲ ግብፅን እንይ። በ1998 በላይኛው ግብፅ በምትገኘው አል ኩሽህ በተባለች መንደር ሁለት ክርስቲያኖች ተገደሉ፤ ፖሊስ ምርመራ ብሎ ብዙ የመንደሩን ነዋሪዎች አሠቃየ። የግብፅ የሰብአዊ መብት ድርጅት ይህንን በሪፖርት አወጣ። ብዙ ሳይቆይ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ሐፌዝ አቡ ሰዕዳ ታሰረ። በምን? ከእንግሊዝ ኤምባሲ በመጣ 25 ሺህ ዶላር ገደማ ቼክ። ቼኩ ለሴቶች የሕግ ድጋፍ የተሰጠ ነበር። ሪፖርቱ ሲወጣ ግን ቼኩ የአገር መሸጫ ዋጋ ሆነና አረፈው።

በ2000 ደግሞ ተራው የሶሲዮሎጂው ምሁር የሰዓድ ኤዲን ኢብራሂም ሆነ። የኢብን ኻልዱን ማዕከልን ያቋቋመ ሰው ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ባገኘው ገንዘብ መራጮችን ያነቃ ነበር። ተከሰሰ፤ ያለ ፈቃድ የውጭ ገንዘብ ተቀብለሃል፣ የአገርህን ስም አጥፍተሃል፣ የሰጪውንም ገንዘብ አጭበርብረሃል ተባለ። ሰጪው ራሱ ‹‹እኔ አልተጭበረበርኩም›› እያለ! ሰባት ዓመት ተፈረደበት። በ2003 የሰበር ችሎቱ ነጻ ሲለቀው ጤናው ተጎድቶ ነበር።

ከዚያም አብዮት መጣ፤ ሙባረክ ወረደ። ነገሩ ግን አልተለወጠም። በ2011 መጨረሻ ላይ ወታደሮችና ፖሊሶች በካይሮ የማኅበራትን ቢሮዎች ሰብረው ገቡ። 43 ሠራተኞች ተከሰሱ። በ2013 ሁሉም ጥፋተኞች ተባሉ። አብዛኞቹ በ2018 እንደገና ታይቶላቸው ነጻ ወጡ። በ2014 ደግሞ ‹‹የአገርን ጥቅም ለመጉዳት›› የውጭ ገንዘብ የሚቀበል እስከ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲቀጣ የወንጀል ሕጉ ተሻሻለ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን የግብፅ ጦር ከአሜሪካ በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እርዳታ ይመደብለት ነበር። ይህ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዘለቀ ነው። ከአንዱ ኪስ የወጣ ገንዘብ ለታንክ ሲሆን ስትራቴጂያዊ ወዳጅነት፣ ለምርጫ ካርድ ሲሆን ክህደት! እንግዲህ የመንግሥታቱ ቅሬታ በባዕድ ገንዘብ ላይ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ቅሬታቸው ገንዘቡ በእነሱ እጅ ሳያልፍ መድረሱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። መንግሥት በደለኛ፣ ማኅበርተኛ ንጹሕ፣ ጨዋታው አለቀ። ግን የወዳጄ እናት መንግሥት አይደሉም። ጄኔራል አይደሉም፣ ዐቃቤ ሕግ አይደሉም። የእሳቸው ጥያቄ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሰው ውለታ የሚባል ነገር ያውቃል። እኛም ‹‹የሰው ወርቅ አያደምቅ›› ስንል ስለ ወርቁ ማነስ አይደለም የምንናገረው፤ ወርቁ መልስ ተብሎ የሚጠየቅ መሆኑን ነው። በዚያ ላይ በመጋቢት 2003 ኢራቅ በዴሞክራሲ ስም ስትወረር ቦምቡንም የክርክር ክበቡንም የሚከፍለው አንድ ግምጃ ቤት ነበር። ዓረቦች ይህንን አላዩም ማለት አይቻልም። አንዳንድ የመብት ተሟጋቾች የአሜሪካን መንግሥት ገንዘብ አንነካም ያሉት ደንቆሮ ስለሆኑ አልነበረም።

ታዲያ ወዳጄ የሸጠው ነገር አለ ወይስ የለም? በዚያው ጉባኤ የመጨረሻ ምሽት ራሱ መለሰልኝ። ሴቶቹ በሁለተኛው ሳምንት ስለ ምርጫ ሳይሆን ስለ መስኖ ቦይ ጠየቁት አለ። ቦዩ ደፍርሷል፤ ውሃው ለባለ ብዙ መሬቶቹ ብቻ ይለቀቃል፤ ማን ዘንድ ይከሰሳል? ‹‹እኔም›› አለ፣ ‹‹እሱ በዕቅዳችን ውስጥ የለም አልኳቸው። ዕቅዱ ምርጫ ነዋ! ሪፖርቱም የሚጠይቀው ስንት ሴት ሠለጠነች ብሎ ነው። እናቴን ምንም አልሸጥኩም ያልኳት ውሸቴን ነው። ጆሮዬን ሳልሸጥ አልቀረሁም።››

ለእኔ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ከሳሾቹ ‹‹ምሥጢር ሸጠ›› ይላሉ፤ የመንደር ሴቶች ምን ምሥጢር አላቸው! የሚሸጠው ከምሥጢር የረቀቀ ነገር ነው። ጥያቄውን የማንሣት መብት ነው የሚሸጠው። ገንዘቡ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ ቃላቱን ይዞ ይመጣል። ቅጹ ‹‹አቅም ግንባታ›› ካለ አቅም ይገነባል፤ የሚመጣው ዓመት ‹‹ወጣቶች›› ካለ ሴቶቹ ይረሳሉ። ሲውል ሲያድር ማኅበሩ ወደ ጎረቤቱ ማየት ትቶ ወደ ቅጹ ያያል። አዳራሹም በአበል ይሞላል። ይህን ለማወቅ ካይሮ መሄድ አያስፈልግም፤ ‹‹አበል አለው ወይ?›› የሚለውን ጥያቄ እኛም በደንብ እናውቀዋለን።

‹‹እንግዲያው በራሳችሁ ገንዘብ ሥሩ!›› ይባላል። እሰየው! ግን የራስ ገንዘብ የት ሄደ? የግብፅ ታሪክ እዚህ ላይ አስገራሚ ነው። ዛሬ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትምህርት ቤት በ1908 ሲቋቋም የግል ነበር። ሕንጻ ሲያጣ የኸዲቭ እስማኤል ልጅ ልዕልት ፋጢማ መሬቷን ሰጠች፤ ጌጣጌጧንም ለማሠሪያ እንዲሸጥ አስረከበች። ከዚያ በፊትም ለብዙ መቶ ዓመታት ወቅፍ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሰው ቤቱን ወይም እርሻውን ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤት፣ ለመንገደኛ ውሃ ያወርሳል፤ ገቢው ያንን ሥራ ብቻ ያገለግላል። ከ1952ቱ አብዮት በኋላ መንግሥት የቤተሰብ ወቅፍን በሕግ ሻረ፤ የበጎ አድራጎቱንም በሚኒስቴር እጅ አስገባ። ኪሱ የሕዝብ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ሆነ። ከሕዝብ መዋጮ ለማሰባሰብ ሳይቀር ፈቃድ የሚጠይቅ ሆነ። ለታመመ ሕፃን የሚሰጥ ነጋዴ ይመረቃል፤ ለምርጫ ታዛቢ የሚሰጥ ነጋዴ ግን ነገ ማን በሩን እንደሚያንኳኳ አያውቅም። የቤት ውስጡን ምንጭ ደፍኖ ‹‹ለምን ከጎረቤት ቀዳህ?›› ብሎ መክሰስ ይሉሃል ይህ ነው።

እኛም ከዚህ ጸበል ቀምሰናል። በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ቀሪውን 90 በመቶ ከአገር ውስጥ አምጣ ተባለ። ለቀብር፣ ለሠርግና ለጽዋ ሳይታክት የሚያዋጣ ሕዝብ መሆናችን እውነት ነው። ግን ስለ መብት የሚያዋጣ ስንት ሰው ተገኘ? ብዙዎቹ ማኅበራት ሥራቸውን ቀየሩ፤ የቀሩትም መነመኑ። አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። ሰዎቹ ንፉግ ሆነው አይመስለኝም። ሲፈሩ እንጂ።

ቢሆንም የራስ መዋጮን ኃይል ማሳነስ አልፈልግም። ቱኒዚያን ተመልከቱ። በ2013 ፖለቲከኞች ተገድለው አገሪቱ ልትፈርስ ስትል ተቃራኒዎቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት አራት ድርጅቶች ነበሩ፦ የሠራተኞች ማኅበሩ፣ የአሠሪዎቹ፣ የጠበቆቹና የሰብአዊ መብት ሊጉ። በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ከእነዚህ ሁሉ ጉልበተኛው በ1946 የተመሠረተውና ከአባላቱ ደመወዝ በሚቆረጥ መዋጮ የኖረው የሠራተኞች ማኅበር ነበር። ሚኒስትር ሊንቀው አይችልም፤ ከኋላው ማን እንዳለ ያውቃላ! ከ2011ዱ አዋጅ በኋላ እንደ እንጉዳይ የፈሉት ትናንሽ ማኅበራት ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር። ሆኖም እነሱም ሥራ ሠርተዋል። አል በውሰላ የተባለው ማኅበር እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ለሕዝብ ይዘግብ ነበር። ይህንን ደግሞ የሠራተኞች ማኅበር አይሠራውም።

እዚህም ላይ ራሳችንን አናታልል። በሐምሌ 2021 ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ምክር ቤቱን ሲያግዱ ኖቤሉም መዋጮውም አላስቆሟቸውም። የራስ ገንዘብ ክብር ይሰጣል፤ ድል ግን አያረጋግጥም።

በጥር 2025 ደግሞ ሌላው ትምህርት መጣ። ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ ተፈረመና የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ተገታ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የተራድኦ ድርጅቱ ራሱ ሥራውን አቆመ። በዓረብ አገሮችም በሌላውም ዓለም ስንቱ ቢሮ በሩን ዘጋ! አምባገነኖቹ ሃያ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤትና በፖሊስ ሊያደርጉት የታገሉትን ሰጪው ራሱ በአንድ ቀን አደረገው። ባለ ወርቁ ‹‹ወርቄን›› አለ።

ታዲያ ምን ይሻላል? አልቀበልም ማለት ብቻውን ንጽሕና አይደለም። ሴቶቹ የምርጫ ካርድ ሳያወጡ ቢቀሩ የወዳጄ እጅ ንጹሕ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? መቀበልም በራሱ ኃጢአት አይደለም። የእርዳታው ትንሽነት ደግሞ እኔ ጸጋ ይመስለኛል። ትንሽ ገንዘብ መምህሩን ከመምህርነቱ አያፈናቅለውም፤ እንጀራው ሌላ ቦታ ስላለ ‹‹ይህን አልሠራም›› ለማለት አፍ አለው። ገንዘቡ አድጎ ደመወዝ፣ መኪናና ፎቅ ሲሆን ግን አፉ ይዘጋል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ደግሞ ተቀበለ አይባልም፤ ተገዛ እንጂ።

እንደኔ ከሆነ ተቀባይ ራሱን የሚመረምርባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ይህን ሥራ ያሰብኩት ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ ማስታወቂያውን ካነበብኩ በኋላ? ሒሳቡን ለሰጪው በማሳየው ልክ ለጎረቤቶቼ ማሳየት እችላለሁ? ገንዘቡ ነገ ቢቆም፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ ዓርብ ዓርብ እሄዳለሁ? ለሦስቱም አዎ ያለ ሰው የማንም ሰላይ አይደለም። ለሦስቱም አይደለም ያለ ግን፣ ሥራው የቱንም ያህል የተቀደሰ ስም ቢኖረው፣ የሸጠው ነገር አለ።

ወዳጄን መጨረሻ ላይ ‹‹አሁንስ ታስተምራለህ?›› ብዬው ነበር። ገንዘቡ ካለቀ ሁለት ዓመት እንደሆነው ነገረኝ። ‹‹ሴቶቹ ይመጣሉ። ስለ ቦዩ አቤቱታ እየጻፍን ነው። ወረቀቱን እናቴ ነች የገዛችው›› አለኝ።

ያን ምሽት ምን ሸጥክላቸው ብሎ የጠየቀው አልነበረም።