ቍራሹ እንዳይባክን



ጌታችን አምስት ሺውን ሕዝብ ከመገበ በኋላ የተረፈውን ቍራሽ እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ። እንጀራን ማብዛት የሚቻለው አምላክ ብክነትን አልፈቀደም። ስለ ኃይል ምንጭ ስናስብ ይህን ትእዛዝ እናስታውስ።

አገራችን አብዛኛውን ኤሌክትሪክ ከወንዞቿ ታገኛለች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት መንገድ ከፍታለች። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ጢስ አልባው መኪና በሚያልፍበት ጎዳና ዳር እናቶቻችን ዛሬም ማገዶ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በጢስ በታፈነ ጎጆም ይጋግራሉ። እንግዲህ የአዲሱ ጥበብ ንጽሕና የሚመዘነው በእነርሱ ትከሻና ዓይን ጭምር ነው።

«ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከነፋስ ከልሎ ሙቀቱን ከምጣዱ ሥር ስለሚይዝ፣ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው የምድርንና የድኾችን ጩኸት አብረን እንድንሰማ አስተምረውናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ያለ ሥራ የሚበራውን አምፖል ማጥፋትን ሕፃናትን ስታስተምሩ፣ ምድጃ መግዣ ያጣችውን ጎረቤትም አሳዩአቸው። የምንቆጥበው ለሌላው እንዲደርስ ነውና። እግዚአብሔር በዚህ ፍቅር ያጽናን። አሜን።