ሕፃን ልጅ የትምህርት ቤት ውሎውን የመናገር ግዴታ አለበትን?

ልጁ ከትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ደብተሩን ያስቀምጣል። «ውሎህ እንዴት ነበር?» ይባላል፤ «ደኅና» ይላል። «ምን ተማራችሁ?» «ምንም።» ከጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ አንሥቶ እስከ መውጫው ደወል ድረስ ያለው ሰዓት ሁሉ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጩኸት በአንዲት ቃል ተዘጋ ማለት ነው። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ታናናሾቻችንን የምናመላልስና የቤት ሥራቸውን የምናሳይ በመሆናችን ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ እኛው ነን። ስለዚህ ነገሩን ለወላጆች ብቻ ትተን ልናልፈው አይገባንም።

በወጣቶች ክፍል ውይይታችን ላይ ይህ ጥያቄ በሁለት ወገን ከፍሎን ነበር። አንደኛው ወገን፣ አባትና እናትን ማክበር ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ ስለሆነ ልጅ ሲጠየቅ መናገር ግዴታው ነው፤ መደበቅም የሐሰት ታናሽ ወንድም ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሕፃንም ቢሆን የራሱ ልብ ያለው ሰው ነውና ልቡን በግድ ማስከፈት አይገባም ይላል። እኛ ነገሩን ስናሰላስለው ግዴታስ አለ፤ ነገር ግን አስቀድሞ የሚያርፈው በተጠያቂው ላይ ሳይሆን በጠያቂው ላይ ነው ወደሚል አሳብ ደረስን።

ልጁ «ምንም» የሚለው ስለምንድን ነው? አንደኛ ነገር የእኛ ጥያቄ ጥያቄ ሳይሆን የሒሳብ ምርመራ ነው። «ስንት አገኘህ?» «ስንተኛ ወጣህ?» «ማን በለጠህ?» እንላለን። ዓመቱን ሙሉ ካርድ ላይ ስለሚጻፈው ደረጃ ስንጠይቀው የኖርን ልጅ፣ አንድ ቀን ስለ ልቡ ብንጠይቀው እንኳ የሚሰማው ያንኑ ደረጃ ነው። መናገር ማለት መመዘን ነው ብሎ ተምሯል፤ ያስተማርነውም እኛ ነን።

ከዚህ የሚከፋ ሌላም አለ። በየክፍሉ አለቃ የሚባል ልጅ መምህሩ በሌለበት ሰዓት የረባሾችን ስም በወረቀት ይጽፋል፤ መምህሩ ሲገባ ስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራው ይቀጣል። በልጆች ዘንድ «አሳባቂ» ከመባል የሚብስ ስድብ የለም። ታዲያ እኛ ቤት ውስጥ «ማን መታህ? ስሙን ንገረኝ!» ብለን ስናፋጥጠው አሳባቂ እንዲሆን የጠየቅነው ይመስለዋል። በማሳበቅና በማሳወቅ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። አሳባቂ የሚናገረው ሌላው እንዲቀጣ፣ እርሱም እንዲመሰገን ነው፤ የሚያሳውቅ ግን የሚናገረው የተጎዳው እንዲድን ነው። ይህን ልዩነት ለልጅ አስረድተን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ደግሞም እንግዳ በመጣ ጊዜ «ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ አይገባም» እንለዋለን፤ «ዝም አይነቅዝም» እያልን እናሳድገዋለን። አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ቢናገር «የልጅ ነገር ጥሬ ብስል» ብለን እንስቃለን። በኋላ ለእኛ በተመቸን ሰዓት፣ ያውም ዓይናችን ስልካችን ላይ እንደ ተተከለ፣ ልቡን እንዲያፈስልን እንጠብቃለን። ጨዋነትን ማስተማር መልካም ነው፤ ዝምታን ብቻ ካስተማርን ግን ዝምታን ብናጭድ ሊደንቀን አይገባም።

ስለ መጠየቅ ከመጻሕፍት የምንማረው ብዙ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ወደ ኤማሁስ ከሚሄዱት ሁለት ደቀ መዛሙርት ጋር በመንገድ ተገናኘ። ስለምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን ጠየቃቸው። ኀዘናቸውንም ተስፋ መቁረጣቸውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነግሩት አላቋረጣቸውም፤ ተግሣጹና ትምህርቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞም ፊት ለፊት አስቀምጦ ሳይሆን ጎን ለጎን እየሄደ ነው የጠየቃቸው። ይህን ዝም ብለን አንለፈው፤ ልጅ የሚያወራው እንዲያወራ በተቀመጠበት ጊዜ አይደለም። አብሮን ምስር ሲለቅም፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ከትምህርት ቤት እጃችንን ይዞ ሲመለስ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ዘና ባለበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜም ጥያቄው ትንሽ ቢሆን ይሻላል፤ ምሳህን ከማን ጋር በላህ? በዕረፍት ሰዓት ብይ ነው ወይስ ድብብቆሽ የተጫወታችሁት? ዛሬ ያልመጣ ልጅ አለ? «ውሎህ እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለአዋቂም ይሰፋል።

በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ እመቤታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ሦስት ቀን ፈልጋ በመቅደስ በመምህራን መካከል ባገኘችው ጊዜ ጭንቀቷን ሳትሸሽግ ጠየቀችው። የመለሰላቸውን ግን እርሷም ዮሴፍም አላስተዋሉትም። ያልገባትን እንዲያስረዳት አላስጨነቀችውም፤ በልብዋ ጠበቀችው እንጂ። ዛሬ ያልገባንን የልጅ ቃል እስኪገባን ድረስ በልብ ማኖርም እንደ መስማት ሁሉ ከባድ ሥራ ነው።

ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ብላቴናው ሳሙኤል ሌሊት የሰማውን ለዔሊ መንገር ፈርቶ ነበር። የፈራው ነገሩ የሚነካው ጠያቂውን ራሱን፣ የዔሊንም ቤት ስለነበረ ነው። በእኛም መካከል እንዲህ ያለ ዝምታ አለ። ደብተር ስላለቀበት ከክፍል የተመለሰ ልጅ፣ እናቱ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ እንደምታስተምረው ያውቃልና «ደኅና ዋልሁ» ይላል። እናታቸው ለሥራ ዓረብ አገር የሄደችባቸው ሕፃናትም አሉ፤ እርሷ በስልክ «ትምህርት እንዴት ነው ልጄ?» ስትላቸው እንዳታለቅስ ብለው «ጥሩ ነው» ይላሉ፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ይህ ሐሰት ነውን? በደረቁ ካየነው ሐሰት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ፍቅር ነው፤ ከዕድሜው በላይ የሆነ ሸክም የተሸከመ ፍቅር። እንዲህ ያለውን ልጅ «ጎበዝ፣ ችለሃል» ብሎ ማመስገንም፣ «ለምን ዋሸህ» ብሎ መቆጣትም ሸክሙን በራሱ ላይ መተው ነው። የጎደለው ደብተር ከሆነ ደብተሩን መግዛት ይቻላል፤ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክፍል ለዚህ ካልሆነ ለምን ተቋቋመ?

እንግዲህ ከሁሉ የሚያስጨንቀን ይህ ነው። ታናሽ እኅታችን መጥታ «ለማንም አልናገርም ብለሽ ማይልኝ» ትለናለች። እኛም ለመስማት ቸኩለን እንምላለን። ከዚያም አንድ መምህር በጎማ እንደሚገርፋት፣ ወይም ትልቅ ሰው ማንም እንዳይሰማ እያስፈራራ ሰውነቷን እንደሚነካካት ትነግረናለች። አሁን መሐላውን እንጠብቅ ወይስ ልጅቷን? ሄሮድስ ምን እንደምትጠይቀው ሳያውቅ ለዘፋኚቱ ማለላት፤ ባዘነም ጊዜ መሐላዬ ብሎ የመጥምቁን አንገት አስቆረጠ። መስከረም 2 ቀን፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሊገቡ በሚዘጋጁበት ወራት፣ በየዓመቱ የምናስበው ይህንኑ ነው። ክፉ መሐላ በመጠበቁ አይቀደስም። የንስሐ አባት የሰማውን መሸሸግ አለበት፤ እኛ ግን ያ ሥልጣን አልተሰጠንም፤ ታላቅ ወንድምና እኅት ነን።

ስለዚህ ሳንሰማ አለመማል ይሻላል። «ብቻዬን የማልችለው ነገር ከሆነ ለሚችል ሰው እናገራለሁ፤ ለማን እንደምናገር ግን አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ» ማለት ይቻላል። አንዳንዶቻችን «እንዲህ ከተባለች አትናገርም» አሉ። ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በሐሰት ቃል ተታልላ ከምትናገር ዛሬ ዝም ብላ ነገ ብትናገር ይሻላል፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ልጅ ሁለተኛ ወደ እኛ አይመጣምና። ድብደባውን በተመለከተ ደግሞ «መምህር ነውና ይቅጣ» የሚሉ ወላጆች ዛሬም አሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ለወላጆቻችን ይህን በትሕትና መንገር የእኛ የተማርነው ድርሻ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ደብተር ይዘው በወጣቶች ፊት ተቀመጡ። ፊደል የተምታታባት አያት ከልጅ ልጇ ጋር እኩል ተማሪ ስትሆን፣ ቤት ውስጥ የውሎ ወሬ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። እኛስ የራሳችንን ውሎ እንናገራለንን? ፈተና የወደቅንበትን፣ አለቃችን ያዋረደንን ቀን ለታናሾቻችን ነግረናቸው እናውቃለንን?

በውይይታችን አንድ ነገር ሳንስማማበት ቀርቷል። ልጁ የነገረን ነገር ምንም አደጋ የሌለበት ቢሆን፣ ለምሳሌ ጓደኛው ስለተጣላው ማልቀሱን ብቻ ቢሆን፣ እናታችንም «ምን አለህ?» ብላ ብትጠይቀን፣ እንናገር ወይስ እንሸሽግለት? ግማሾቻችን ከእናት የሚሸሸግ የለም አልን፤ ግማሾቻችን ያ እንባ የእርሱ ነው አልን። በዚህ ላይ አሳብ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ጽፋችሁ ለክፍሉ ጸሐፊ ብትሰጡ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።