ድፍረት የማን ገንዘብ ነው?

ደመወዝ ተቀብሎ ነፍሱን ለአደጋ የሚሰጥ ሰውና ያለ ደመወዝ ለደስታው ብሎ የሚሰጥ ሰው ቢመዛዘኑ የትኛው ይበልጥ ይመሰገናል? የዓለም ልማድ ሁለተኛውን ያከብራል። ይህ ፍርድ ቅን መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር የአንድ መኰንን ታሪክ ይበቃል።

እንግሊዛዊው ሻምበል ሮዲ ኦወን ላንካሸር ፊውዚለርስ በሚባለው የእግረኛ ጦር ያገለግል ነበር። በአገሩ አጥርና ቦይ እያዘለሉ ፈረስ የሚያሽቀዳድሙበት ጨዋታ አለ። ጋላቢዎቹም ሁለት ወገን ናቸው፤ አንዱ ወገን በዚሁ ሥራ እንጀራውን ይበላል፥ ሁለተኛው ግን ክፍያ አይቀበልም። ኦወን ከሁለተኛው ወገን ሆኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1882 እስከ 1892 ዓ.ም. ከ800 ጊዜ በላይ ተወዳደረ፤ ከ250 ጊዜ በላይም ቀደመ።

ከሁሉ የከበደው ውድድር በሊቨርፑል አጠገብ በኤይንትሪ ሜዳ የሚደረገው ግራንድ ናሽናል ነው። ርቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል፥ መሰናክሉም 30 ያህል ነው፤ በዚያ ስንት ፈረስ ተሰብሮ ቀርቷል! በ1891 ዓ.ም. ኦወን ክሎይስተር በሚባል ፈረስ ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው ተናነቀ። በቀዳሚው ፈረስና በሜዳው አጥር መካከል ሊሾልክ ቢሞክር መንገድ አጣ፤ በግማሽ የፈረስ ቁመት ተቀደመ። ለዳኞች አቤት ቢልም አልተቀበሉትም። በዓመቱ ግን ፋዘር ኦፍሊን በሚባል ፈረስ ተመለሰና (ፈረስ የቄስ ስም መሸከሙ ያስቃል) ያንኑ ክሎይስተርን በ20 ፈረስ ቁመት ያህል ጥሎት ገባ።

ደመወዝተኛው ጋላቢ ቢወድቅ ለልጆቹ እንጀራ ሲል ወደቀ ይባላል። መኰንኑ ቢወድቅስ? ገንዘብ አልተቀበለም ማለት ዋጋ አልተቀበለም ማለት አይደለም፤ ዝና ከወርቅ ይልቅ የሚጣፍጠው ሰው ብዙ ነው። ደግሞም የመኰንን ነፍስ የራሱ ብቻ አይደለችም፤ ለንግሥቲቱና ለወታደሮቹ በመሐላ ተይዛለች። ፈረሱማ ዝናም ደመወዝም አያውቅም፥ ከሞቱ ግን ድርሻ አለው። የጦር አለቆች በበኩላቸው ጨዋታው በሰላም ጊዜ ልብን ያጸናል፥ ዓይንን ያፈጥናል ብለው ይፈቅዱ ነበር። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም የሜዳው አጥር ከሩቅ ይታያል፥ ቁመቱም ይታወቃል፤ ጦርነት ግን አጥሩን አስቀድሞ አያሳይም።

ኦወንን ከሌሎች የሚለየው ከድሉ በኋላ ያደረገው ነው። የፈለገውን ካገኘ ብዙ ሳይቈይ እሽቅድድሙን ትቶ ወደ ጦር ሚኒስቴር ሄደና ዘመቻ ወዳለበት ስደዱኝ አለ። ብዙዎች ይህን ከጨዋታ ወደ ቁም ነገር መመለስ ብለው ያመሰግኑታል። ምስጋናው ግን በችኰላ የተሰጠ ይመስላል። ኦወን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወረደ፤ በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ከሰር ጄራልድ ፖርታል ጋራ ወደ ኡጋንዳ ዘለቀ። የሄደበትም ሥራ የሰውን አገር መያዝ ነበረ። በኤይንትሪ የሚጐዱት ጋላቢዎቹና ፈረሶቻቸው ነበሩ፤ በዚህ ግን የድፍረቱን ዋጋ የከፈለው ሌላ ሕዝብ ነው። ድፍረት በማን ዘንድ እንደሚያድር አይመርጥም፤ ለባለ ርስቱም ለወራሪውም እኩል ያገለግላል። እንግዲህ ያ ከንቱ የተባለው ጨዋታ ከዚህኛው ቁም ነገር ይልቅ ንጹሕ አልነበረምን?

ፍጻሜው ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋራ ተገናኘ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዓድዋ ድል በሆነ ጊዜ እንግሊዝ በከሰላ ያሉትን ኢጣልያኖች ጭንቀት ለማቅለል ስትል ሠራዊቷን ወደ ዶንጎላ አዘመተች። ኦወንም ከዘማቾቹ አንዱ ነበረ። ጥይት ሳያገኘው፥ ከፈረስም ሳይወድቅ፥ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሱዳን ምድረ በዳ አምቢጎል በሚባል ስፍራ በኮሌራ ሞተ። ዕድሜውም 40 ዓመት ነበር።

በኡጋንዳ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት አጠገብ የነበረ አንድ ፏፏቴ በስሙ ኦወን ተብሎ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ፏፏቴውን ዋጠው። ግድቡም መጀመሪያ የኦወንን ስም ይዞ ኖረ፤ ዛሬ ግን ናሉባሌ ይባላል፤ ይህም የአገሩ ሰዎች ሐይቁን ከጥንት ጀምሮ የሚጠሩበት ስም ነው።